የአንድ ጠርሙስ ልጆች

«በጋምቤላ ከተማና በአካባቢዋ ለምትገኙ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና የባሮ አዞዎች በሙሉ። ዛሬ ከቀትር በፊት፣ ከረጅምና መራራ ትግል በኋላ፣ ‹ዐ› የተባለችው ፊደል ክብ ሆና ወጥታለች። እንኳን ደስ ያለን።»

አሸብር ይህን አዋጅ ያሰማው በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ የመጋዝ ዱቄት በሸፈነው ጠረጴዛ ላይ እጁን አሳርፎ ነው። አዋጁን የሰሙት ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አንድ እንሽላሊት፣ የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ አብኔርና አባንግ ነበሩ። እንሽላሊቱ ዝም አለ። አቶ አብኔር «ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ቀዳዳ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሳቀችው አባንግ ብቻ ናት፤ አሸብርም አዋጁን ያረቀቀው ለእሷ ሳቅ ብሎ ነበር።

ጊዜው 1990 ዓ.ም. ነው። ክልሉ ገና ጥርስ እያወጣ ነበር። አንድ ቢሮ ይከፈታል፤ ወንበሩ ሳይሞላ ከሌላ ቢሮ ጋር ይጋባል፤ ጫጉላው ሳያልቅ ይፋታል። በተጋባና በተፋታ ቁጥር በሩ ላይ በአማርኛ፣ በአኙዋክኛና በኑዌርኛ የተጻፈ አዲስ ሰሌዳ ይሰቀላል። የከተማው ሰሌዳ ጸሐፊ ይህን ፍጥነት አልችልም ብሎ ብሩሹን አስቀመጠና መረብ ይዞ ወደ ወንዝ ወረደ። ዓሣ ስሙን አይቀይርም።

ማሽኑ የተወለደው ከዚህ ጭንቅ ነው። አሸብር፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ በዕጣ ጋምቤላ የደረሰው ደገኛ፣ የሞቱ ፕሪንተሮችን አርዶ ሞተራቸውን አወጣ፤ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኛቸው። ኮምፒውተሩ ቁጥር ይልካል፤ ሞተሮቹ በቁጥሩ ልክ ይዞራሉ፤ ከላይ የተሰቀለችው መሰርሰሪያ እንጨቱን ፊደል አድርጋ ትፈለፍለዋለች። እንዲህ ሲነገር ቀላል ነው። ሞተር ግን መዞር እንጂ መሄድ አያውቅም። መዞሩን ወደ መሄድ የሚለውጥለት ነገር ይፈልጋል፤ የአሸብር መከራም የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የብስክሌት ካቴና አሰረበት። ካቴናው ጠንካራ ቢሆንም በየጥርሱ ይንገጫገጫል፤ የወጣው ሰሌዳ በጎሬ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው የጻፉት ይመስል ነበር። ቀጥሎ ከፕሪንተሩ ሆድ የወጣውን ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ ሞከረ። ለስላሳና ዝምተኛ ነው፤ የጋምቤላን ቀትር ግን አያውቀውም። ጠዋት እንደ ክራር ክር የተወጠረው፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ሰካራም ቀበቶ ይረግባል። በመጨረሻ እንደ ቡሎን ዙሪያውን ጥርስ፣ ፊሌቶ፣ የወጣለት ረጅም የብረት ዘንግ አመጣ። ዘንጉ ሲዞር ዳዶው በላዩ ይሄዳል፤ ጠረጴዛውንም ይዞት ይሄዳል። ዘንጉ ጉልበትም ትዕግሥትም ነበረው። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። ወደ ቀኝ ሲሄድ ቆይቶ ወደ ግራ ልመለስ ሲል፣ በፊሌቶውና በዳዶው መካከል ያለችው ፀጉር የምታህል ክፍተት እስክትሞላ ድረስ ዘንጉ ይዞራል፤ ጠረጴዛው ግን ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ምክንያት ክብ የሆነ ፊደል ሁሉ አፉን ሳይገጥም ይቀር ነበር።

«ታዲያ ዛሬ እንዴት ገጠመ?» አለች አባንግ። በትምህርት ቢሮ የአኙዋክኛ መጻሕፍት አዘጋጅ ናት። ወደ መጋዘኑ የምትመጣው ሰሌዳው ላይ የሚቀረጸውን አኙዋክኛ ለማረም ነው። አንዲት ቃል ለማረም ግማሽ ቀን ይፈጅባት ከጀመረ ሰነባብቷል።

«በአንዱ ዳዶ ፋንታ ሁለት አደረግኩ። መካከላቸው ስፕሪንግ አለ። አንዱን ወደዚያ፣ አንዱን ወደዚህ ይገፋቸዋል። ክፍተቷ መግቢያ አጣች።»

«አጣልተሃቸው ነው በለኛ።»

«ተጣልተው ነው የሚስማሙት።»

አጎንብሳ ዘንጉን አየችው። ከኪሷ አንዲት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አወጣች፤ እናቷ ከዛፍ ፍሬ የምታወጣው ነጭ ቅቤ ነበረበት። «ይሄን ቀባው። ሲጮህ አሳዘነኝ።»

«ቅባት ከበዛበት አቧራው ይለጠፍበታል። አቧራና ቅባት ሲጋቡ የሚወልዱት የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ብረቱን ይበላዋል። በየማለዳው በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ጠብታ ዘይት ብቻ ነው የምሰጠው።»

«አንተ ለዚህ ብረት የምታስበውን ያህል ለሰው ታስባለህ?»

«ለአንድ ሰው።»

አቶ አብኔር ድንገት ውጭ ጉዳይ እንዳላቸው ትዝ አላቸው። ሁለቱ ቀሩ። አባንግ ቆርቆሮዋን ወደ ኪሷ አልመለሰችም፤ ማሽኑ ጥግ ላይ አስቀመጠቻት። ዐይኗን ስታነሳ ዐይኑ እዚያው ይጠብቃት ነበር፤ አንዳቸውም ቀድመው መሸሽ አልፈለጉም። ከዚያ ግን ፊቷ ላይ የሆነ ጥላ አለፈ። አሸብር ጥላውን አየው፤ ስሙን ግን ሊጠይቃት ፈራ።

*

የጥላው ስም ኦጁሉ ነበር።

ኦጁሉ የአባንግ ወንድም ነው፤ በባሮ ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳል። ፑኝዶ ውስጥ የሚወዳት ልጅ አለችው፤ ሊያገባት ግን አልቻለም። የልጅቷ አባት ለጥሎሽ የሚፈልጉት ዲሙይ ነው። ዲሙይ ሰማያዊ የመስተዋት ዶቃ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አሁን የሚሠራም የለም፤ ያለው ያ ያለው ብቻ ነው። በሴት ልጅ ጋብቻ ወደ ቤት ይገባል፤ በወንድ ልጅ ጋብቻ ይወጣል። በደርግ ጊዜ ካድሬዎች ኋላቀር ነው ብለው ሊያስቀሩት ሲነሱ የአባንግ አባት የቀረቻቸውን አንዲት ዶቃ መሬት ውስጥ ቀብረው አሳለፏት፤ አንዲት ግን ለጥሎሽ አትበቃም። የኦጁሉ ዲሙይ የሚመጣው እንግዲህ ከእህቱ ጋብቻ ነው። አባንግ በዲሙይ ካልተዳረች ወንድሟ ሚስት አያገኝም።

«የአቦቦው ሰውዬ ሊያገባኝ እንደገና መልእክት ልኳል» አለች አባንግ። በድልድዩ ላይ ቆመዋል፤ ባሮ ከሥራቸው ቡናማ ሆኖ ያልፋል። «ዲሙይ አለው። አባቴ ወንዙ ሳይጎድል እወስናለሁ ብሏል።»

«ብር አይሆንም? ለዓመታት ከደመወዜ…»

«ብር ያልቃል አሸብር። ዲሙይ አያልቅም፤ ይዞራል። እናቴ በእሱ ነው የመጣችው። አያቴም። ኦጁሉ ትናንት ራት አልበላም። እኔን ሊያይ ያፍራል። አግቢ አይለኝም፤ ተይውም አይለኝም። ዝም ብሎ የጀልባውን ሞተር ይፈታል፤ ይገጥማል።»

«እሺ አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ በመካከላቸው አለፈ። «አንተን እፈልጋለሁ» አለች፤ «በወንድሜ ላይ ግን ቆሜ አይደለም። በእሱ ላይ ቆሜ ባቅፍህ እግሬ ይንቀጠቀጣል።»

አሸብር በዚያ ሳምንት ከእናቱ ከወይዘሮ ሙሉብርሃን ደብዳቤ ደርሶት ነበር። እናቱ በሕይወታቸው ምለው የማያውቁ፣ «እውነት ነው» ካሉ ማንም መሐላ የማይጠይቃቸው ሴት ናቸው። አባንግን ቢያገባ ሠርጉ ላይ እንደማይገኙ በሦስት መስመር ጽፈውለታል። ይህን ለአባንግ አልነገራትም። ከእናቱ ወገን የቆመበትን ግንብ ሳያፈርስ የእሷን ወገን ሊንድ ተነሣ፤ የፍቅር ሒሳብ ሁሌም እንዲህ የተዘበራረቀ ነው።

«ዲሙዩን አመጣለሁ» አላት።

እጁን ያዘችው። መዳፏ ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሙቀት።

*

አሸብር ድንበር ላይ እስካለችው ማታር ድረስ በጀልባ ሄደ። ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴዎቹ ሳሙና፣ ጨው፣ ራዲዮ፣ የብስክሌት ጎማ አሳዩት። ዲሙይ ሲላቸው ሳቁበት። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቀም። «ዲሙይ የሚሸጥ ሰው የለም» አለው፤ «ቢሸጥ ልጆቹን እንደሸጠ ነው።»

ባዶ እጁን ተመልሶ መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ አለ። ዐይኑ መደርደሪያው ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። ከአንድ ክሊኒክ ከተጣለ ዕቃ ጋር የመጣ፣ ቂጡ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ሰማያዊ የመድኃኒት ጠርሙስ፤ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ሰማያዊ እንባ አስመስላዋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። አሸብር ግን መሐንዲስ ነው፤ ሐዘን ሲይዘው ይለካል።

ለፊደል የሠራውን ማሽን ለዶቃ አዞረው። መስተዋቱን የምትይዝ ትንሽ ዘንግ ጨመረ፤ እሷን ለማዞር ቀላል ጭነት ስለሆነ ቺንጋውን መረጠ፤ ቀትር ላይ እንዳይረግብበት በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ብቻ ሠራ። መስተዋቱን የምትፍቀውን መሰርሰሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመንዳት ደግሞ ባለ ሁለት ዳዶውን ዘንግ ተጠቀመ። መሰርሰሪያዋን፣ የጥርስ ሐኪሞች ጥርስ የሚቦረቡሩባትን፣ ለምኖ አገኘ። ውኃ እያንጠባጠበ፣ የመስተዋት ዱቄቱን ከፊሌቶው ላይ በየመሐሉ እየጠረገ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ተሰነጠቁ። ኋላ ማሽኑ ተገራ። ዶቃዎቹ እየተራገፉ ሳህን ውስጥ ወደቁ። በአመድና በዘይት አሻቸው፤ ከአሸዋ ጋር ከረጢት ውስጥ ከቶ እስኪያረጁ ናጣቸው።

በካሊፐር ሲለካቸው አንዷን ከሌላዋ መለየት አልተቻለም። ውፍረታቸው አንድ፣ ቀዳዳቸው አንድ፣ ክብነታቸው አንድ። አሸብር ይህን እንደ ድል ቆጠረው። ከብስክሌት ካቴና ተነስቶ እዚህ የደረሰ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

«ከማታር ነጋዴ አገኘሁ» አላት ለአባንግ።

ፊቷ ሲበራ አየው። ጥላው ጠፋ። ጨርቁን ልትፈታው እጇን ሰደደችና መለሰችው። «አይ፣ ከአባቴ በፊት አላየውም» አለች። ከዚያ በሁለት እጇ ፊቱን ይዛ ግንባሩን በግንባሯ ነካችው። «ኦጁሉ ዛሬ ይበላል» አለች።

አሸብር ደስ እንዲለው ጠበቀ። ዘንጉ ዞረ፤ ጠረጴዛው ግን ከቦታው አልተነሣም።

*

የአባንግ አባት አቶ ኦባንግ ድሮ ፖሊስ ነበሩ። አማርኛን የተማሩት በሰልፍ ሜዳ ስለሆነ አማርኛቸው ሁሉ ትእዛዝ ነው። የዐይናቸውን ብርሃን ሞራ እየጋረደው ቢሆንም ጀርባቸው አልጎበጠም።

«ቁጭ በል» አሉት፤ አሸብር ሽማግሌው አድርጎ ካመጣቸው ከአቶ አብኔር ጎን ቁጭ አለ። ምንጣፉ የተነጠፈው ባሮ ዳር፣ ማንጎው ሥር ነው። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ሴቶቹ ጎጆው ውስጥ ናቸው፤ የአባንግ ሳቅ አልፎ አልፎ ከዚያ ይሰማል። ኦጁሉ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ከአባቱ ጎን ተቀምጧል።

«አሳይ።»

አሸብር ጨርቁን ፈታ።

አቶ ኦባንግ ዶቃዎቹን ወደ ፀሐይ አቅርበው አዩ፤ በደነደነ ጣታቸው አገላበጡ። «ጥሩ ናቸው» አሉ በመጨረሻ፤ «ከአንድ ማሕፀን የወጡ ይመስላሉ።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ አቶ አብኔር አጨበጨቡ። ኦጁሉ ግን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ ሲገልጠው ዐይኑ ርሶ ነበር። «ኢንጂነር» አለ፣ አሸብርን ለመተረብ በሚጠራበት ስም፣ ዛሬ ግን ያለ ተረብ፤ «አንተ ወንድሜ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ጀልባዬ የአንተ ነው። ማታር በለኝ፣ ኢታንግ በለኝ፣ እወስድሃለሁ።»

አሸብር ነገሩ ያለቀ መስሎት ተነፈሰ።

«ተናገር» አሉ አቶ ኦባንግ።

«ምን ልናገር አባባ?»

አባንግ ያልነገረችው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሚመስላት ያልነገረችው ነገር ይህ ነበር። በአቶ ኦባንግ ቤት ወግ ዲሙይ ስም አለው። አዛውንቱ ከአንገታቸው ላይ አንዲት ጠርዟ የተሸረፈ ዶቃ አውጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «ይቺ የሚስቴ እናት ናት። የተሸረፈችው ወንዝ ሲሻገሩ ነው። ከእሷ በፊት የአክስቷ ነበረች። ሴቶቹ ሞቱ፤ ይቺ አለች። የአንተም ሴቶች አሏቸው። የማን ጋብቻ እንደነበሩ አንድ በአንድ ተናገር። ኦጁሉ ይይዛል። ፑኝዶ ሲሄድ ይጠይቁታል።»

«ነገ ነው የምሄደው» አለ ኦጁሉ። «የልጅቷ አባት ስሙን ይሰማል። እኔ ደግሞ ልጅ ስወልድ ለልጄ እነግራለሁ።»

«ስም የሌለው ዲሙይ ከሆነ ጋብቻው የለም» አሉ አቶ ኦባንግ፤ «ሚስት ትመለሳለች። ልጆች የማንም አይሆኑም። ተናገር።»

አሸብር የመጀመሪያዋን ዶቃ አነሳ። ጣቱ ላይ ሕይወት የሌላት ቀዝቃዛ ነገር ነበረች። «አርየት» አለ፤ ስሙን የት እንደሰማው ሳያውቅ። «የኡሞድ ልጅ። ከኢታንግ።»

«አርየት፣ የኡሞድ ልጅ፣ ከኢታንግ» አለ ኦጁሉ ዐይኑን ጨፍኖ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ እንደሚያጠና ሕፃን።

ሁለተኛዋን አነሳ። «አቻላ። ከጎግ።»

«አቻላ፣ ከጎግ። አርየት፣ የኡሞድ ልጅ፣ ከኢታንግ። አቻላ፣ ከጎግ።»

ኦጁሉ ከልቡ እየያዘ ነበር። በዓለም ላይ ያልነበሩ ሴቶችን አንድ በአንድ ወደ ደረቱ እያስገባ፣ ነገ በጀልባ ጭኖ ሊወስዳቸው። ከዚያ ለልጁ ሊያወርሳቸው። አሸብር ሦስተኛዋን ሲያነሳ ስም አጣ። ጎጆው ውስጥ አባንግ ሳቀች። አፉ በራሱ ተከፈተ።

«ሙሉብርሃን» አለ።

አቶ አብኔር ዘወር ብለው አዩት። የማን ስም እንደሆነ ያውቃሉ።

«ደገኛ ናት?» አሉ አቶ ኦባንግ ተገርመው።

«አዎ።»

«ለደገኛ ሴት ዲሙይ ተከፈለ?» ጎረቤቶቹ ተንሾካሾኩ፤ አንዱ ፈገግ አለ። ኦጁሉ ግን ዐይኑን አልገለጠም። አምኖታል። «ሙሉብርሃን» አለ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሳሳት ፊደል በፊደል፤ «ሙ-ሉ-ብር-ሃን። አርየት፣ የኡሞድ ልጅ፣ ከኢታንግ። አቻላ፣ ከጎግ። ሙሉብርሃን… የማን ልጅ ናት ኢንጂነር?»

አሸብር ዶቃዋን አስቀመጠ። እናቱ ታዩት፤ የማይምሉት እናቱ፣ በዚህ ደግ ሰው አፍ ውስጥ ለውሸት ቆመው። ለኦጁሉ የሚወለደው ልጅም ታየው፤ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሁለት ዶቃ በጣቱ አሽቶ «እናትህ በምን መጣች?» ሲለው።

እጁን ዘርግቶ ዶቃዎቹን ከምንጣፉ ላይ ሰበሰበ።

«ይቅርታ አባባ። እወስዳቸዋለሁ።»

«ምን?»

«ልጅዎን አላገባም።»

አቶ አብኔር «አሸብር፣ አሞሃል?» አሉት፤ ክንዱን ያዙት። ኦጁሉ ዐይኑን ገለጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ከእንቅልፉ በውኃ የቀሰቀሱት ሰው ይመስል ነበር።

አባንግ ጎጆው በር ላይ ቆማለች። ለዛሬ የለበሰችው ቢጫ ቀሚስ ነው። ሁሉንም ሰምታለች። በሰዎቹ መካከል አልፋ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ደረሰች። አሸብር ሲቸኩል ሁለት ዶቃ ከጨርቁ አምልጠው ሣሩ ላይ ወድቀው ነበር። ጎንበስ ብላ አነሳቻቸው።

«ለምን?» አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ለእሱ ብቻ የሆነ ነበር። «እናትህ ናቸው? እኛ ነን? ምንድን ነው?»

ስትጠይቀው አውራ ጣቷ በልማድ፣ እንደ አባቷ፣ ዶቃዎቹን ያሽ ነበር። አንዷን ዳሰሰች። ሌላዋን ዳሰሰች። እንደገና የመጀመሪያዋን፤ ከሌላዋ የምትለይበት ምንም አልነበራትም።

ጣቷ ቆመ።

ያ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አሸብር ያውቃል። ቀና ብላ አየችው፤ ዐይኗ ውስጥ መጋዘኑ፣ ጠርሙሱ የነበረበት ባዶ መደርደሪያ፣ ሁለቱ ዳዶዎች፣ «ተጣልተው ነው የሚስማሙት» ያለው ድምፁ፣ ሁሉም በተራ ሲያልፉ አየ። ከንፈሯ ሊከፈት ብሎ ተወው። አባቷ ከጎረቤቶቻቸው ፊት «ጥሩ ናቸው» ብለዋል። ወንድሟ ከጎረቤቶቹ ፊት አልቅሷል፤ እውነቱ ቢወጣ መሳቂያ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። እጇን ቀስ ብላ ጨበጠች፤ ዶቃዎቹ መዳፏ ውስጥ ጠፉ።

እንደምትወደው ያን ጊዜ ያህል አውቆ አያውቅም፤ እንዳጣትም።

አቶ ኦባንግ በምርኩዛቸው ተነሡ። ሞራ የጋረደው ዐይናቸው ከእሱ ፊት ትንሽ ወዲያ፣ ባዶው ላይ አረፈ።

«ልጄ ምን ጎደላት? ቤቴ ገብተህ፣ ምንጣፌ ላይ ተቀምጠህ፣ ልጄን በሰው ፊት ጣልክ። ምክንያት አለህ። ሰው ሁሉ ይስማ። አስረዳ።»

አሸብር የአባንግን የተጨበጠ እጅ አየ።

«አላስረዳም» አለ።